የገባው ገንዘብ ለማን ይነገራል?
የባንክ ማሳወቂያና የገቢ ሪፖርት በአጥቢያ ሒሳብ አያያዝ



የዚህ እትም ትምህርታችን አንዲት ጥያቄ ይዞ ይነሣል፦ በቤተ ክርስቲያናችን የባንክ ሒሳብ ገንዘብ ሲገባ ማን፣ መቼና በምን መንገድ ያውቃል? አስቀድመን በጎሮ አካባቢ በሚገኝ አንድ አጥቢያ ያጋጠመንን እንመልከት።

አንዲት እናት ለቤተ ልሔሙ ጣሪያ ክዳን መግዣ እንዲሆን 60,000 ብር በስልካቸው አማካይነት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሒሳብ አስተላለፉ። ሁለት ወር ቆይተው ደረሰኝ ለመውሰድ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲመጡ ገንዘብ ያዡ «እንዲህ ያለ ገንዘብ መግባቱን አላየሁም» አሏቸው። እናቲቱም ባንኩ የላከላቸውን መልእክት ከስልካቸው አውጥተው አሳዩ። ነገሩ በደጀ ሰላሙ ተወራ፤ የገንዘብ ያዡም ስም በማያውቁት ነገር ይነሣ ጀመር። ከኃላፊነታቸው ለመልቀቅም ደብዳቤ ጻፉ።

በዚያው ሰሞን የልማት ፕሮጀክቱን ሒሳብ ለማየት ሄደን ነበርና ከኮሚቴው ጋር ሆነን የባንክ መግለጫ አስወጣን። ገንዘቡ በተላከበት ዕለት ገብቶ ሳይነካ ተቀምጧል። የባንኩ የጽሑፍ መልእክትም በዕለቱ ተልኳል፤ የደረሰው ግን የሥራ ዘመናቸውን ፈጽመው ወደ ሌላ ሰፈር ለተዛወሩት ለቀድሞው ገንዘብ ያዥ ነው። ፈራሚዎች ሲለወጡ የስልክ ቁጥሩን ማስለወጥ የማንም ትዝታ አልሆነም። ከገንዘቡ አንድ ብር አልጎደለም። ነገር ግን የአንድ ታማኝ አገልጋይ ስም ጎደፈ፤ ቤተ ልሔሙም ክዳን ሳይለብስ ክረምቱ ገባ።

1. የሙዳየ ምጽዋት ሥርዓት ወደ ስልክ ሲዛወር

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ካህኑ ዮዳሄ ክዳኑ የተበሳ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ አኖረ። ሣጥኑ በሞላ ጊዜ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ አብረው እየመጡ ይቆጥሩ ነበር። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ሥራው የመተማመን ጉዳይ ብቻ ይሆን ነበር፤ ሁለቱ በአንድነት በመቆጠራቸው ግን ለሕዝቡም ለራሳቸውም ምስክር ሆኑ። በየአጥቢያው ሙዳየ ምጽዋት ብዙዎች ባሉበት የሚከፈተውና የሚቆጠረው ለዚሁ ነው።

ዛሬ ግን ከምእመናን ስጦታ ብዙው በሣጥን በኩል አያልፍም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ አሥራቱም፣ የሕንፃው መዋጮም፣ የሱቆች ኪራይም፣ የአጸደ ሕፃናቱ ወርኃዊ ክፍያም በስልክ ይላካል። በጎሮ፣ በሰሚትና በቦሌ አራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖር ምእመን ሌሊት በቤቱ ሳለ ይልካል፤ በውጭ ሀገር ያለውም እንዲሁ። የገቢው ወሬ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ሙዳየ ምጽዋቱን በአንድ ሰው ፊት እንደ መክፈት ነው። ያ ሰው ታማኝ ቢሆንም እንኳ ምስክር የሌለው ሆኖ ይቀራል።

2. ማሳወቂያው ምን ይዟል? ምንስ አያረጋግጥም?

ባንኩ የሚልከው መልእክት ዘወትር የገባውን መጠን፣ ቀኑንና የዝውውሩን መለያ ቁጥር ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም የላኪውን ስምና ቀሪ ሒሳቡን ይጨምራል። ከእነዚህ ሁሉ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚበልጠው መለያ ቁጥሩ ነው። ለምሳሌ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዝውውር መለያ «ኤፍ ቲ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጀምራል። የሚከተሉት አምስት አኃዞች ቀኑን ያመለክታሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የፈረንጆችን ዓመት፣ የቀሩት ሦስቱ በዓመቱ ውስጥ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። ስለዚህ 25032 የሚል ብናገኝ የ2025 ዓመት 32ኛ ቀን፣ ማለትም ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ላኪው «ትናንት ላክሁ» ቢልና ቁጥሩ የሌላ ወር ቢሆን ወዲያው መጠየቅ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ማሳወቂያ መልእክተኛ ነው፤ ማስረጃው የባንኩ መዝገብ ነው። የተቀነባበረ የክፍያ ፎቶ እያሳዩ ዕቃ የሚወስዱ አታላዮች በከተማችን መኖራቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሕንድ ሀገር ፔይቲኤም የተባለው ኩባንያ ለነጋዴዎች ገንዘብ ሲገባ መጠኑን በድምፅ የሚናገር መሣሪያ ያቀረበው ሻጩ በገዢው ስልክ ላይ በሚታይ ነገር ብቻ እንዳይወሰን ነው። ለእኛም ሕጉ አንድ ይሁን፦ በላኪው ስልክ ላይ ባየነው ፎቶ ደረሰኝ አንቁረጥ፤ በራሳችን ሒሳብ መግባቱን አይተን እንቁረጥ።

የባንክ ሥርዓትም ቢሆን የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በደረሰው ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ማውጣት ችለው ነበር፤ ባንኩም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ መወሰዱን አስታውቋል። ገንዘቡን የወሰዱትን ለይቶ ማስመለስ የተቻለው እያንዳንዱ ዝውውር በመመዝገቡ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሚደርስበት ቀን የራሱን መዝገብ የያዘ አጥቢያ ሒሳቡን በልበ ሙሉነት መጠየቅ ይችላል።

3. ሦስቱ ደረጃዎች

ባንኮች እርስ በርሳቸው በስዊፍት መረብ ሲላላኩ ለገቢ ማረጋገጫ ኤምቲ 910፣ በቀኑ መካከል ላለው እንቅስቃሴ ኤምቲ 942፣ ለዕለቱ መዝጊያ መግለጫ ኤምቲ 940 የሚባሉ መልእክቶችን ይጠቀማሉ። ታላላቅ ድርጅቶችም እነዚህን በየሒሳብ ሥርዓታቸው ይቀበላሉ። አጥቢያችን ይህን ያህል መሣሪያ ባያስፈልገውም አካሄዱን በአቅሙ ሊከተል ይችላል።

ሀ) ፈጣን ማሳወቂያ፦ የጽሑፍ መልእክቱ በግለሰብ ስልክ ብቻ አይመዝገብ። በቤተ ክርስቲያኑ ስም ሲም ካርድ ይውጣና ስልኩ በጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ባንኩ ከአንድ በላይ ቁጥር የሚመዘግብ ከሆነ የሒሳብ ሹሙም ይጨመር።

ለ) ሳምንታዊ ማመሳከሪያ፦ ባንኩ ለድርጅት ደንበኞች የኢንተርኔት አገልግሎት ካለው ሦስት ዓይነት ፈቃድ ይጠየቅ፤ አንዱ የሚያዘጋጅ፣ ሌላው የሚያጸድቅ፣ ሦስተኛው ማየት ብቻ የሚችል። የማየት ፈቃድ ለቁጥጥር ክፍል ይሰጥ፤ ገንዘብ ማንቀሳቀስ ስለማያስችል አያስፈራም። በሳምንት አንድ ቀን ገንዘብ ያዡ፣ ሒሳብ ሹሙና ተቆጣጣሪው ተቀምጠው የገባውን ሁሉ በአምስት ዓምድ ይጻፉ፦ ቀን፣ መለያ ቁጥር፣ መጠን፣ ዓላማ፣ የሞዴል 64 ደረሰኝ ቁጥር። አምስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር የሳምንቱ ሥራ ነው።

ሐ) ወርኃዊ መግለጫ፦ ማኅተም ያለበት የባንክ መግለጫ ወጥቶ ከሳምንታቱ መዝገብ ጋር ይታይ፤ ውጤቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

4. ዓላማው ያልታወቀ ገንዘብ

ማሳወቂያ ማን እንደላከ ይነግረን ይሆናል፤ ለምን እንደላከ ግን ላኪው ካልጻፈ አይነግረንም። በኬንያ ኤም ፔሳ ለድርጅቶች ባዘጋጀው ሥርዓት ከፋዩ ከድርጅቱ ቁጥር ጋር የራሱን መለያ ያስገባል፤ ትምህርት ቤቱም የየትኛው ተማሪ ክፍያ እንደሆነ በዚያ ያውቃል። እኛም ለየዓላማው አጭር ቃል እንወስንና በዐውደ ምሕረት እናስተምር፦ «አሥራት»፣ «ሕንፃ»፣ «ኪራይ» ከሱቁ ቁጥር ጋር፣ «ትምህርት» ከሕፃኑ መዝገብ ቁጥር ጋር። ምእመናን ሲያስተላልፉ በምክንያት መጻፊያው ቦታ ይህን ይጻፉ። ለተለየ ፕሮጀክት የመጣ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ሒሳብ ቢኖረው ይመረጣል። ዓላማው ያልታወቀ ገቢ እስኪጣራ ድረስ በዚያው ስም ይመዝገብ እንጂ በግምት አይመደብ።

አንድ ጥንቃቄም እንጨምር። አንዳንድ ኮሚቴዎች ግልጽነት ለማሳየት የባንኩን መልእክት እንዳለ በቴሌግራም ቡድን ይለጥፋሉ። በመልእክቱ የሰጪው ስምና የቤተ ክርስቲያኑ ቀሪ ሒሳብ ስላለ ይህ አይገባም። በስውር መመጽወት የፈለገን ሰው በአደባባይ ያወጣዋል፤ ለሌባም መንገድ ያሳያል። ለሕዝብ የሚነገረው ጠቅላላ ድምርና የተፈጸመው ሥራ ይሁን።

5. ርክክብ

ቃለ ዓዋዲ በ1965 ዓ.ም. ከታወጀ ጀምሮ የሰበካ ጉባኤ አባላት በምርጫ ይተካካሉ። በርክክብ ጊዜ ማኅተሙ፣ የቼክ ደብተሩና ደረሰኙ ይቆጠራሉ። በዚያው ሰነድ አራት ነገሮች ይጨመሩ፦ በባንክ የተመዘገበው ስልክ፣ የኢሜይል አድራሻው፣ የኢንተርኔት አገልግሎቱ ተጠቃሚዎች ስም፣ የቴሌብር አጭር ቁጥሩና ኃላፊው። ለባንኩ በሚጻፈው ደብዳቤ የቀድሞዎቹ እንዲሰረዙ፣ አዲሶቹ እንዲመዘገቡ ይጠየቅ። ደብዳቤው ደረሰ ብሎ ብቻ ማለፍ አይበቃም፤ 10 ብር አስገብቶ መልእክቱ ወዴት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

የጎሮው አጥቢያ ዛሬ ይህንኑ ያደርጋል። የቀድሞው ገንዘብ ያዥ ቁጥራቸው በባንኩ ዘንድ መኖሩን ሳያስተውሉ በመቆየታቸው አዝነው መጥተው ይቅርታ ጠየቁ። የአሁኑም የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን መልሰው ወሰዱ። እናቲቱ ደረሰኛቸውን ተቀብለዋል፤ ቤተ ልሔሙም ከክረምቱ በኋላ ተከድኗል።

ለውይይት

1) በአጥቢያችን የባንክ ማሳወቂያ በማን ስልክ ይደርሳል? ያ ሰው ዛሬም በኃላፊነት ላይ ነውን?
2) ባለፈው ወር ገብቶ ደረሰኝ ያልተቆረጠለት ገንዘብ አለን? ስንት ነው?
3) የላኪዎችን ምሥጢር ጠብቀን ለምእመናን በየስንት ጊዜው፣ ምን እንነግራቸዋለን?
4) በስልክ የሰጠ ምእመን ደረሰኙን ለመጠየቅ እንዳይመላለስ ምን እናድርግ?