ከርጭቱ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት፦ ኬታሚንና ለመድኃኒት እጅ ያልሰጠ ድባቴ ከሮቤና ከጎባ አንጻር

ኬታሚን ለኢትዮጵያ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ትንፋሽን እንደ ሌሎች የማደንዘዣ መድኃኒቶች ስለማያዳክምም መሣሪያና ኦክስጅን ለሚያጥራቸው የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ባለውለታ ነው። ድባቴን በሰዓታት ውስጥ ሊያቀል እንደሚችል ትኩረት የሳበው ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በጥቂት ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ከኬታሚን የተለየው ኤስኬታሚን በአፍንጫ በሚረጭ መልክ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ሲፈቀድ አንድ ጥብቅ ግዴታ አብሮት መጣ፦ ሕመምተኛው መድኃኒቱን ወደ ቤቱ ይዞ አይሄድም።

የማስረጃው ጥንካሬ ወጥ አይደለም። ከሦስቱ ዋና ዋና የአጭር ጊዜ ሙከራዎች በስታቲስቲክስ ረገድ ግቡን የመታው አንዱ ብቻ ነው። በሌላ በኩል፣ ሕመማቸው ጸንቶ ከለቀቃቸው ሰዎች መካከል ርጭቱን ከቀጠሉት 26.7 በመቶው፣ ወደ አስመሳይ ርጭት ከተዛወሩት ደግሞ 45.3 በመቶው እንዳገረሸባቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ይህ ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ሕክምናውን ከተራ የመድኃኒት ማዘዣ የሚለየው ክትትሉ ነው። የደም ግፊት ከርጭቱ በፊትና ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይለካል። ሕመምተኛው ሊፈዝ ወይም ከገዛ አካሉ የተለየ ሊመስለው ስለሚችል ቢያንስ ለሁለት ሰዓታት በባለሙያ ዓይን ሥር ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት በሳምንት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ በሁለት ወር 12 ምልልስ መሆኑ ነው። ከጊኒር ወይም ከዲንሾ ለሚመጣ ገበሬ ይህ የትራንስፖርት ወጪ ብቻ ሳይሆን አብሮት የሚውል ሰው የሥራ ቀንም ነው። መመሪያው እስከ ማግስቱ መኪና መንዳትን ይከለክላል፤ በባሌ ደጋ ፈረስ መጋለብም በዚሁ ክልከላ ሊታሰብ ይገባል። ጫት የደም ግፊትን ስለሚጨምር በቀጠሮው ቀን መቃሙ በግልጽ መጠየቅ አለበት። ሮቤና ጎባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ስለሚገኙ፣ የደም ኦክስጅን መጠን ከርጭቱ በፊት ካልተለካ በኋላ የሚታየውን ቅናሽ መተርጎም ያስቸግራል።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ግን ድባቴው በእርግጥ ለመድኃኒት እጅ አለመስጠቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በተለመደው ትርጉም ቢያንስ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና በበቂ ጊዜ ተሞክረው ያልሠሩ መሆን አለባቸው። በየምሽቱ 25 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ለዓመታት የዋጠ ሰው አንዱንም ሙከራ በወጉ አላደረገም፤ መጠኑ ለድባቴ ከሚያስፈልገው በታች ነውና። ፍሉኦክሰቲን ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት መከር ስለደረሰ፣ ወይም ጸበል ወይም ድሬ ሼህ ሁሴን ስለሄደ ያቋረጠም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ሰው «መድኃኒት አልሠራለትም» ብሎ ወደ ኬታሚን ማሻገር ከሕመሙ ይልቅ የአሰጣጡን ጉድለት ማከም ይሆናል።

በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለውን የኬታሚን ብልቃጥ በአፍንጫ መርጫ ሞልቶ መስጠት ደግሞ አቋራጭ አይደለም። የመድኃኒቱ ዓይነትም ሆነ ወደ ደም የሚገባው መጠን አንድ አይሆንም፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2022 በፋርማሲ የሚቀመም የኬታሚን ርጭትን አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በተሻለ የተጠናው መንገድ በኪሎ ግራም ክብደት 0.5 ሚሊግራም በደም ሥር በ40 ደቂቃ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ ንጽጽር፣ የእውነታ መዛባት ከሌለባቸው ሕሙማን በዚህ መንገድ ኬታሚን ከወሰዱት 55.4 በመቶው፣ በአንጎል ላይ የኤሌክትሪክ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 41.2 በመቶው በጎ ምላሽ ሰጥተዋል። ይሁንና ይህ አጠቃቀም ለድባቴ በይፋ የተፈቀደ ባለመሆኑ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የሰመመን ባለሙያ መገኘት ይጠይቃል። በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የማስተማሪያ ሆስፒታል በመሆኑ እንዲህ ላለው ጥናት ተፈጥሯዊ ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ጥናት አንድም ብልቃጥ መክፈት አያስፈልገውም። የሥነ አእምሮ ተመላላሽ ሕሙማንን ካርድ አውጥቶ፣ በእያንዳንዱ ላይ የመድኃኒቱን ስም፣ ከፍተኛውን መጠንና ያለማቋረጥ የተወሰደባቸውን ሳምንታት መመዝገብ፤ ከዚያም ሁለቱን ሙከራዎች በእርግጥ የፈጸሙት ስንት እንደሆኑ መቁጠር ነው።