የወንድና የሴት ጊንጥ የመርዝ ልዩነት፦ የሴንትሩሮይደስ ቪታተስ ማሳያነት

የጊንጥ መርዝ ጥናት በአመዛኙ የሚያተኩረው በዝርያዎች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ጾታ የሚያስከትለው ልዩነት የተሰጠው ትኩረት አነስተኛ ነው። በዩናይትድ ስቴትስና በሰሜን ሜክሲኮ የሚገኘው ሴንትሩሮይደስ ቪታተስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሴቷ ግዙፍና ዘገምተኛ ስለሆነች ጠላት ሲቀርባት ቆማ ትናደፋለች፤ ፈጣኑ ወንድ ግን መሸሽ ይቀናዋል። ከዚህ በመነሣት ይበልጥ የሚያሳምመው የሴቷ መርዝ ነው ብሎ መገመት ምክንያታዊ ይመስላል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን ግምቱን አላጸናም። ሴቷ በአንድ ንድፊያ የምታስገባው መርዝ ከወንዱ ቢበልጥም፣ የአካል ግዝፈት ታሳቢ ሲደረግ ልዩነቱ ይጠፋል። እኩል መጠን ያለው መርዝ በተወጉ አይጦች ላይ የከፋ ሕመም ያስከተለው ደግሞ የወንዱ ነው፤ ሕመም ቀስቃሽ ቶክሲኖች በእርሱ መርዝ ውስጥ በዝተው መገኘታቸው እንደ ምክንያት ተጠቅሷል። በሌሎች አንዳንድ ዝርያዎች ወንዱ ከመራባት በፊት ሴቷን እንደሚናደፍ ይታወቃል፤ ይህ ግን የቪታተስን ልዩነት ለማብራራት በራሱ አይበቃም።

ጉዳዩ የናሙና አሰባሰብንም ይነካል። የብዙ ጊንጦች መርዝ ጾታቸው ሳይለይ በአንድ ብልቃጥ ከተደባለቀ፣ ከጾታ የመጣው ልዩነት የአካባቢ ወይም የዝርያ ልዩነት መስሎ ሊታይ ይችላል።