ብሎን ሳይኖር ሂት ሲንክን በቺፕ ላይ ስለ መለጠፍ

በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋ ትንሽ ኮምፒዩተር ያላችሁ መምህራን ሆይ፥ መሣሪያው ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ቢዘገይ፥ አርጅቷል ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት የቺፑን ሙቀት መርምሩ። ለተማሪዎች ታስቦ በእንግሊዝ አገር የተሠራውና በ2004 ዓ.ም. ለሽያጭ የወጣው ራስቤሪ ፓይ የሚባለው ኮምፒዩተር፥ የቺፑ ሙቀት ወደ 85 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ከጉዳት ለማዳን ሥራውን ያዘገያል።

የዚህ መድኃኒት ሂት ሲንክ የሚባለው ጥርሳም የአሉሚኒየም ቁራጭ ነው፤ ሙቀቱን ከቺፑ ተቀብሎ ለአየር ያስረክባል። ነገር ግን በትንሽ ቺፕ ዙሪያ ብዙ ጊዜ የብሎን ቀዳዳ ስለሌለ፥ የሚይዘው ማጣበቂያው ብቻ ነው።

የጋለ ድስት በጨርቅ ሲነሣ እጅ የማይቃጠለው፥ በጨርቁ ክሮች መካከል የተያዘው አየር ሙቀትን በቀላሉ ስለማያሳልፍ ነው። በቺፑና በአሉሚኒየሙ መካከል አየር ወይም ወፍራም ሙጫ ቢገባ እንደዚያው ጨርቅ ይሆናል። የንብ ሰምም አይሆንም፤ በ64 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣልና። ሱፐር ግሉም ሙቀትን እምብዛም አያሳልፍም፤ ከዚህም በላይ በኋላ ለማላቀቅ ሲሞከር ቺፑን ነቅሎ ሊያወጣ ይችላል። ቴርማል ፔስት የሚባለው ቅባት ሙቀትን በደንብ ያሳልፋል፥ ግን አይዝም።

የሚሻለው ሙቀትን እንዲያሳልፍ የተሠራ፥ በሁለቱም ፊት የሚጣበቅ ስስ ፕላስተር ነው። አስቀድሞ የቺፑንና የአሉሚኒየሙን ፊት ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጠርጎ ማድረቅ ይገባል (አረቄ አይበቃም፥ ውሃው ይበዛል)። ከዚያም ፕላስተሩን በቺፑ ልክ ቆርጦ፥ የአየር አረፋ እንዳይቀር ከአንድ ወገን ጀምሮ መለጠፍ፥ በአውራ ጣትም ሠላሳ ሰከንድ ያህል አጽንቶ መጫን ነው። ሁለት ተደራራቢ ፕላስተር አይደረግም። ለሙቀት የተሠራ ባለ ሁለት ቅልቅል ኢፖክሲ ከዚህ ይልቅ ይጸናል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከደረቀ መመለሻ ስለሌለው፥ እኔ ለትምህርት ቤት ፕላስተሩን እመርጣለሁ።

መሣሪያው ከግማሽ ሰዓት ሥራ በኋላ ቢዘገይና የአሉሚኒየሙ ጥርሶች ግን ቀዝቃዛ ሆነው ቢገኙ፥ ሙቀቱ አልተሻገረም ማለት ነውና ተነሥቶ እንደገና ይለጠፍ። ኮምፒዩተሩ በግድግዳ ላይ ቆሞ የሚሰቀል ከሆነ በየጊዜው ይታይ፤ የወደቀ ብረት በኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ቢያርፍ ሰሌዳውን ሁሉ ያበላሻልና።

ደጋው ብርድ ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም። ብርዱ ይረዳል፤ ሆኖም አየሩ ስስ ነው። በጎንደር ከባሕር ጠረፍ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል፥ በደባርቅም ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስስ አየርም የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ ለአቧራ ተብሎ የሚለብሰው ያ ጥልፍ ያለው ጨርቅ፥ መሣሪያው በሚሠራበት ሰዓት ይነሣለት።