በቆሎ ማዳቀል ለምትማረው ልጄ

የሺንሺቾ ልጅ ዝርያ ማዳቀል ልትማር ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። እነዚህን ምክሮች ያዢልኝ።

1. ከምርቱ በፊት ቡቃያውን እዪ። በቆሎ ሁለት ሦስት ቅጠል እስኪያወጣ የሚበላው የዘሩን ስንቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በቅጠሉ ሠርቶ ያድራል። በዚያ ሰሞን አረም ከቀደመው፣ በኋላ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም አይክሰውም። እኔ ብሆን ሚዛኑን ይዤ አጨዳ ከመጠበቅ ይልቅ በሦስተኛው ሳምንት ማሳውን እዞር ነበር፤ ማን ቅጠሉን ቀድሞ እንደዘረጋ ያኔ ይታያል።

2. ብርዱን አትናቂ። የበቆሎ ብርሃን አስተጻምሮ ከስንዴውና ከባቄላው የተለየ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በውጨኛው ህዋስ ይዞ ወደ ውስጠኛው ያቀብላል፤ እዚያ ሩቢስኮ የሚባለው ኢንዛይም ኦክስጅን ሳይሻማው ይሠራል። በሙቀት ይህ ትልቅ ጉልበት ነው፤ በአምባሪቾ ተራራ ግርጌ በበልግ ማለዳ ግን ይለግማል። አሜሪካ፣ ኒውዮርክ፣ በሚገኘው ቦይስ ቶምሰን ተቋም ተመራማሪዎች የዘረመል ምሕንድስና ተጠቅመው በበቆሎ ውስጥ ሩቢስኮውን አበዙት። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ውጤት ተክሉ ፈጥኖ አደገ፤ ነገር ግን በግሪንሃውስ ነው። ማሳ ሌላ ፈተና ነው።

3. ቶሎ ማደግና ቶሎ መድረስ አንድ አይደሉም። ብዙ ሰው ያምታታዋል፤ ባለሙያም ጭምር። የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ድቅል፣ ቢኤች 660 (እ.ኤ.አ. 1993) ምርቱ ብዙ ነው፣ ግን ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዝናብ ባጠረ ዓመት ገበሬውን ያሳቅቃል። ቢኤች 540 እ.ኤ.አ. በ1995፣ ቢኤች 661 በ2011 ተከተሉ። የመልካሳ ምርምር ማዕከል ዝርያዎች በአጭር ዝናብ ደርሰው ይታጨዳሉ፤ ብርሃን የሚሰበስቡበት ጊዜ ግን ያጥራል። አንቺ የምትፈልጊው ጅማሬው ፈጣን፣ ዕድሜውም ከዝናቡ የተመጠነውን ነው።

4. ከድቅል ማሳ ዘር አታስቀሪ። በሚቀጥለው ዓመት ጉልበቱ ከቡቃያው ጀምሮ ይወርዳል።

5. ላሟን አትርሺ። እኛ ዘንድ መሬት ጠባብ ነው፤ እናቶች ጥቅጥቅ ያለውን በቆሎ እያሳሱ፣ የታች ቅጠሉን እየገፈፉ ላም ይመግባሉ። እሸቱን የሚሞሉት በዋነኛነት አጠገቡ ያለው ቅጠልና ከሱ በላይ ያሉት ስለሆኑ የታችኛው ዘግይቶ ቢገፈፍ ጉዳቱ ያንሳል፤ ቀድሞ ከሆነ ግን ይጎዳል። ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዝርያ ጥቅጥቅ ብሎ ቢዘራም ብርሃን ወደ ታች ያሳልፋል፤ ለእኛ ይስማማል ብዬ አስባለሁ። በሙከራ መዝገብሽ ለመኖ አንድ ዓምድ ጨምሪ፤ መቼና የትኛውን ቅጠል እንደሚገፍፉ ግን እናትሽን ጠይቂ።