የሽንት ቤትና የፍሳሽ ጉድጓድ ሽታ፦ መንስኤውና መከላከያው

በካምፕ ኑሮ ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያቀያይሙ ነገሮች አንዱ የሽንት ቤት ሽታ ነው። ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለተሠሩ የአንዱ ጉድጓድ ሽታ የሌላውን ማዕድ ይረብሻል። ሽታው ሲበረታ ብዙዎቻችን የምናደርገው እጣን ማጨስ ወይም ሰንደል መለኮስ ነው። እጣኑ ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል፤ የሽታው ምንጭ ግን እዚያው እንዳለ ይቀራል። አንዳንዱ ደግሞ በረኪና ገዝቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይደፋል። ይህም ገንዘብ ከማባከን አልፎ ጉዳት እንዳለው ወደ ኋላ እንመለከታለን።

ጉዳዩ የአፍንጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሽንት ቤት ሲሸት ሰው ይሸሸዋል። ሕፃናት ደጅ ይጸዳዳሉ፤ ትልልቆችም ጨለማን ጠብቀው ወደ ቁጥቋጦ ይወጣሉ። ይህ ደግሞ ለሴቶችና ለልጃገረዶች ሌላ አደጋ አለው። ሜዳ ላይ የቀረውን ቆሻሻ ዝንብና ጎርፍ ወደ ምግብና ወደ ውሃ ይመልሱታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኬንያ በካኩማ ካምፕ የኮሌራ ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ታመው ነበር። በዚያን ጊዜ የተደረገው ጥናት እንዳሳየው፣ ለበሽታው ይበልጥ ከተጋለጡት መካከል አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ የሚጋሩ ሰዎች ይገኙበታል። እንግዲህ የማይሸት፣ ሰው ሳይጠየፍ የሚገባበት ሽንት ቤት ማለት ከበሽታ መከላከያዎች አንዱ ነው ማለት ነው።

ሽታው ከምን ይመጣል?

ዓይነ ምድር፣ ሽንት፣ የምግብ ትራፊና ቅባት በቂ አየር በማያገኙበት ስፍራ ሲበሰብሱ ልዩ ልዩ ጋዞች ይወጣሉ። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይባላል። ዓይን የሚያቃጥለውና ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነው። ሜቴን የሚባለው ሦስተኛው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ነገር ግን እሳት ካገኘ ይቀጣጠላል። እነዚህ ጋዞች ጨርሶ እንዳይፈጠሩ ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው መውጫቸውን መምረጥ ነው፤ ይኸውም ሰው በሚቀመጥበት ቀዳዳ በኩል ሳይሆን ከጣራ በላይ እንዲወጡ ማድረግ።

የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው ሽንት ቤት

በዚህ ሐሳብ የተሠራው ሽንት ቤት በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዛሬዋ ዚምባብዌ፣ በብሌር የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ በነበረው በፒተር ሞርጋን የተፈለሰፈ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከጉድጓዱ ተነሥቶ ከጣራው በላይ ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ የሚል ቱቦ ይተከላል። ነፋስ በቱቦው አፍ ላይ ሲያልፍ በውስጡ ያለውን አየር ወደ ላይ ይስባል። በእሱ ምትክ ንጹሕ አየር በበሩ ይገባና በመቀመጫው ቀዳዳ በኩል ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። ሽታው ከጉድጓዱ ወደ ቱቦው ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ቤቱ አይመለስም። ቱቦው ከፕላስቲክ ከሆነ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። ነፋስ በሚበዛበት ቦታ 11 ሳንቲ ሜትርም ይበቃል።

በቱቦው አናት ላይ የሽቦ ወንፊት መኖር አለበት። ይህ ለዝንብ ነው። ዝንብ ወደ ብርሃን መሄድ ስለሚወድ የሽንት ቤቱ ውስጥ ጨለም ያለ ከሆነ በጉድጓዱ ውስጥ የተፈለፈለው ዝንብ ብርሃን በሚታይበት በቱቦው በኩል ይወጣል፤ ወንፊቱ ላይ ሲደርስ ማለፍ አቅቶት እዚያው ይሞታል። ሞርጋን ባደረገው ሙከራ በ78 ቀናት ውስጥ ቱቦ ከሌለው ሽንት ቤት 13,953 ዝንብ ሲያዝ፣ በሌላው ሁሉ ተመሳሳይ ከሆነውና ቱቦ ካለው ሽንት ቤት የተያዘው 146 ብቻ ነበር። ወንፊቱ ከተቀደደ ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይቀራል። ተራ የብረት ሽቦ በጋዙ ምክንያት ቶሎ ስለሚበላ በየጊዜው ይታይ።

እንዲህ ዓይነት ሽንት ቤት እያለን ሽታው ያልቀነሰ እንደሆነ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አይወጣም። ቱቦው በሸረሪት ድር ተደፍኗል፤ አንድ ባልዲ ውሃ ከላይ ቢደፋበት ይጠራል። ወይም ቱቦው ከጣራው በታች ቀርቷል፣ ወይም በአጠገቡ ያለ ዛፍ ነፋሱን ከልክሎታል። አለዚያም የመቀመጫው ቀዳዳ በክዳን ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቱቦ ባለው ሽንት ቤት ቀዳዳው በጥብቅ ከተከደነ አየር መውረጃ ስለማያገኝ ቱቦው ሥራውን ያቆማል። ቱቦ በሌለው ተራ ጉድጓድ ላይ ግን ክዳኑ ግጥም ያለ መሆን አለበት። ስለዚህ ከጎረቤት ያዩትን እንዲሁ ከመቅዳት በፊት የራስዎ ሽንት ቤት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

ቱቦው መሥራቱን ለማወቅ ጥቂት የሚጨስ ሳር ወይም ያ የፈረደበት እጣን ይበቃል። ነበልባል ሳይኖረው፣ ጭሱ ብቻ እየወጣ ከቀዳዳው አጠገብ ይያዝ። ጭሱ ወደ ታች ከተሳበ ቱቦው ደኅና ነው። ጭሱ ወደ ፊትዎ ከተመለሰ ቱቦው ተደፍኗል ወይም አየሩ በተሳሳተ በኩል ይገባል። ፍሙን ግን ወደ ጉድጓዱ አይጣሉ። አዲስ ሽንት ቤት የሚሠራ ሰው በሩን ወይም የአየር መግቢያውን ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያድርግ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የማገዶ ጭስ ይነግረዋል።

ስለ አመድና ስለ በረኪና

ተራ ጉድጓድ ላላቸው ሁሉ ከአመድ የሚሻል መድኃኒት የለም፤ ዋጋም አይጠይቅም። ከተጠቀሙ በኋላ አንድ እፍኝ የቀዘቀዘ አመድ መበተን እርጥበቱን ይመጥጣል፣ ሽታውን ይቀንሳል፣ ዝንብንም ያርቃል። አመዱን በቆርቆሮ አድርጎ ከበሩ አጠገብ ማስቀመጥ ልጆችም እንዲለምዱት ይረዳል።

በረኪና ወለሉን ለማጠብ በጥቂቱ ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ቢሆን ክፋት የለውም። ወደ ጉድጓድ ሲደፋ ግን ቆሻሻውን የሚያፈርሱትን ጥቃቅን ሕዋሳት ይገድላል፤ ጉድጓዱም ቶሎ ይሞላል። ከዚህ የከፋው በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር ማቀላቀል ነው። ሽንት በተጠራቀመበት ላይ መድፋትም እንደዚሁ ነው። ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ ነው። ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት መድፋትም የከርሰ ምድርን ውሃ ስለሚበክል አይገባም።

ጉድጓዱ ሞልቶ ከወለሉ በታች 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲቀረው ሽታውን በምንም ዘዴ መመለስ አይቻልም። በዚያን ጊዜ በአፈር ተሞልቶ ይዘጋና ሌላ ይቆፈራል። አዲሱ ጉድጓድ ውሃ ከሚቀዳበት ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። በጋራ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ለአንድ መቀመጫ ከ20 ሰው በላይ መመደብ የለበትም።

የመታጠቢያና የዕቃ ማጠቢያ ውሃ

ብዙ ጊዜ “ሽንት ቤቱ ሸተተ” የሚባለው ከሽንት ቤቱ ሳይሆን ከቤቱ ጀርባ ከረጋው ውሃ ነው። ሳሙና፣ የወጥ ቅባትና የሩዝ እጣቢ በሙቀት ሁለት ቀን ካደሩ ከጉድጓዱ የማይተናነስ ግማት ያወጣሉ። በእኛ ቤት ደግሞ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ከእንጀራ ሊጥ ላይ የሚቀዳው ውሃ ቦይ ውስጥ ሲደፋ እየኮመጠጠ ይሸታል፤ ዝንብንም ይጠራል። ይህን ውሃ ደረቅ አፈር ላይ በትኖ አፈር መመለስ ይሻላል።

የእጣቢ ውሃን ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ መድፋት መፍትሔ አይደለም። ጉድጓዱ ይረጥባል፣ ሽታው ይብሳል፣ ግድግዳውም ሊናድ ይችላል። በቆሻሻ ውሃ ውስጥ የሚራባ ትንኝም ይበዛል። ይህ ትንኝ ወባ አስተላላፊው አይደለም፤ ሆኖም እንቅልፍ ይነሣል።

የሚሻለው የማስረጊያ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ለአንድ ቤተሰብ ጥልቀቱም ስፋቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ ተቆፍሮ በድንጋይ ይሞላል። ትልልቁ ድንጋይ ከታች፣ ጠጠሩ ከላይ ይሆናል። ውሃው ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት ቅባቱን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ የዘይት ቆርቆሮ ሥሩን በምስማር በሳስቶ፣ ውስጡን ደረቅ ሳር ሞልቶ በመግቢያው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሳሩ በየሳምንቱ ወጥቶ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል፤ በአዲስም ይተካል። ይህን ቸል ያለ ሰው ድንጋዮቹ በቅባት ይደፈኑበትና ጥቂት ወራት ሳይቆይ እንደገና ይቆፍራል። አፈሩ ሸክላማ ከሆነና ውሃ ካልሰረገ ጉድጓዱን ከማጥለቅ ይልቅ በቦይ መልክ ማስረዘም ይሻላል፤ ምክንያቱም ውሃው በጎንም ይሰርጋል። በአጠገቡ ሙዝ ወይም ፓፓያ መትከል ውሃውን ለመምጠጥ ይረዳል፤ ፍሬም ይሰጣል።

ሴፕቲክ ታንክ ባለበት ቤት

በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤትና በእንግዳ ማረፊያ የሚሠሩ፣ እንዲሁም ከካምፕ ወጥተው በከተማ ቤት የተከራዩ ወገኖቻችን የሚያጋጥማቸው ሌላ ዓይነት ነው። በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ደለሉ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መካከል ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ይፈስሳል። ጋዙ ወደ ቤት እንዳይመለስ የሚከለክለው በእያንዳንዱ መውረጃ ሥር ያለው፣ ውሃ የሚቋጥር ቆልማማ ቱቦ ነው። ባለሙያዎቻችን ሲፎን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1775 አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰዓት ሠሪ ለንደን ውስጥ የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ ትንሽ ነገር እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተገኘም።

ሽታው በአንድ ክፍል ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደረቀ ሲፎን ነው። በሙቀት አገር ለጥቂት ሳምንታት ያልተሠራበት የመታጠቢያ መውረጃ ውሃው ተንኖ ያልቃል፤ ጋዙም በባዶው ቱቦ ይገባል። አንድ ሁለት ጣሳ ውሃ ማፍሰስ በቂ ነው። ቤቱ ተዘግቶ የሚቆይ ከሆነ በውሃው ላይ አንድ ማንኪያ የምግብ ዘይት ቢጨመር ትነቱን ያዘገያል። ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ላቫንዲኖው “ጉልጉል” የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ከጣራ በላይ ያለው የአየር ቱቦ ተደፍኖ የሲፎኑን ውሃ እየሳበ ነው፤ የወፍ ጎጆ ሊሆን ስለሚችል ይታይ። ሁሉም መውረጃዎች ባንድ ጊዜ ከዘገዩ ታንኩ ሞልቷል ወይም ማስረጊያው ተደፍኗል። ደለሉ የታንኩን አንድ ሦስተኛ ሲይዝ በመኪና መመጠጥ አለበት። ይህ እንደ ቤተሰቡ ብዛት ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው። እርሾ ወይም የሚሸጥ ዱቄት መጨመር ምጠጣውን አይተካም። ጨርቅ፣ የወር አበባ መጠበቂያና የወጥ ቅባት ግን ጊዜውን ያሳጥሩታል።

ወደ ጉድጓድ መውረድ

ስልክ ወደቀብኝ፣ ቱቦው ተደፈነ፣ ወይም ደለሉን በእጄ አወጣለሁ ብሎ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ የሚወርድ ሰው ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። በዝቶ ሲገኝ የማሽተት ችሎታን ያጠፋል፤ ስለዚህ “አሁን አይሸትም” ማለት “ደኅና ነው” ማለት አይደለም። ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ሰውን ይጥላል። ሻማ ወይም ፋኖስ አውርዶ መሞከርም ይህን ጋዝ አያሳይም፤ ይባስ ብሎ ሜቴኑን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ወንድሙ ወይም ጓደኛው ወድቆ ያየ ሰው ዘሎ መግባቱ የታወቀ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት አደጋ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሟች ብዙ ጊዜ ሊያድን የገባው ነው። አይግቡ። ጮኸው ሰው ይጥሩ፣ ክሊኒኩንና የካምፑን የጥበቃ ሠራተኞች ያስጠሩ። የወደቀው ሰው ገመድ መያዝ ከቻለ ገመድ ወርውረው ከውጭ ይሳቡት። የጉድጓዱን ክዳን ከፍቶ ትቶ መሄድም ለሕፃናት ያው አደጋ ነው፤ የተሰነጠቀ ወይም የላላ ክዳን ያየ ሰው ለሰፈሩ የጤና ሠራተኛ በዚያው ቀን ያመልክት፣ እስኪጠገንም ድረስ ዙሪያውን በእሾህ ይጠር።