ከክላርኔት የሚንጠባጠበው ውኃ ምራቅ ነውን?

ክላርኔት የሚጫወት ሰው ለጥቂት ጊዜ ከነፋ በኋላ የመሣሪያውን ክፍሎች ነቅሎ ውስጣቸውን በጨርቅ ሲወለውል ማየት የተለመደ ነው። ብዙዎች ይህን ውኃ ምራቅ ነው ይሉታል። ጥቂት ምራቅ አብሮ እንደሚገባ አይካድም፤ አብዛኛው ውኃ ግን የሚመጣው ከተጫዋቹ ትንፋሽ ነው። ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው የእርጥበቱን ምንጭ የተረዳ ተጫዋች ውድ መሣሪያውን ከመሰንጠቅ ለማዳን ስለሚችል ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል?

ከሳንባ የሚወጣው አየር 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ያለው ሲሆን፣ የውኃ ተን የጠገበ ነው ለማለት ይቻላል። አየር ሊሸከም የሚችለው የተን መጠን ደግሞ በሙቀቱ ይወሰናል። አንድ ሜትር ኪዩብ አየር በ34 ዲግሪ 37 ግራም ያህል ተን ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ የሚይዘው 17 ግራም ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ትንፋሹ በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ እስከ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ ከእያንዳንዱ ሜትር ኪዩብ 20 ግራም ያህል ተን ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። እስከ 10 ዲግሪ ቢወርድ ደግሞ መጠኑ ወደ 28 ግራም ከፍ ይላል። ይህ ሂደት ጤዘት ይባላል። ማለዳ በሣር ላይ የምናየው ጤዛም ሆነ በድስት ክዳን ሥር የሚንጠለጠለው ነጠብጣብ የሚፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

እንጨቱ ለምን ይሰነጠቃል?

ጥራት ያላቸው ክላርኔቶች በአብዛኛው የሚሠሩት በሳይንሳዊ ስሙ ዳልበርጂያ ሜላኖዛይሎን፣ በስዋሂሊ ደግሞ ምፒንጎ ከሚባል የአፍሪካ ዛፍ ነው። ዛፉ ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ሌላ በአገራችንም ይበቅላል። እንጨቱ እጅግ ጠጣር በመሆኑ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፤ ሆኖም ቀስ በቀስ እርጥበት መምጠጡ አይቀርም።

እንጨት እርጥበት ሲመጥ በቃጫው አግድም ያብጣል፤ በቃጫው ርዝመት ግን ለውጡ በጣም አነስተኛ ነው። ትንፋሽ የቱቦውን ውስጠኛ ገጽ ሲያረጥበውና ሲያሞቀው ውስጡ ለመስፋት ይገፋል። ውጪው ግን ደረቅና ቀዝቃዛ እንደሆነ ስለሚቆይ ይወጠራል። ውጥረቱ ከእንጨቱ ጥንካሬ ሲያይል ስንጥቁ ቃጫውን ተከትሎ ይሄዳል። ለአፍ ቅርብ የሆነው የላይኛው ክፍል ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በበጋ ወራት አየሩ ደረቅ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ በሚሆንባቸው የደጋ አካባቢዎች ጥንቃቄው መጨመር አለበት።

ምን ይደረግ?

1. ከመንፋት በፊት መሣሪያውን በእጅ ወይም በብብት ሥር ቀስ አድርጎ ማሞቅ ጤዘቱን ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን እንጨቱን ይጎዳል።

2. አዲስ የእንጨት ክላርኔት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ቢነፋ፣ እንጨቱ እርጥበቱን ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

3. በእረፍት ጊዜና ከጨዋታ በኋላ ክብደት ያለው ገመድ የታሰረበት ለስላሳ ጨርቅ በቱቦው ውስጥ መሳብ፣ ቡሽ የለበሱትንም መጋጠሚያዎች መጥረግ ይገባል።

4. ድምፁ መንቦቅቦቅ ከጀመረ ውኃ ከቀዳዳዎቹ በአንዱ ላይ ተጠራቅሟል ማለት ነው። ቁልፉን ከፍቶ በቀዳዳው ላይ እፍ ማለት፣ ከዚያም ከመድፈኛው ሥር የሲጋራ ወረቀት አስገብቶ ቀስ ብሎ በመጫን እርጥበቱን ማስመጠጥ ይቻላል።

5. እርጥብ መሣሪያን በሣጥን መክተት አይገባም። ሪዱም ተነቅሎ በዝርግ ነገር ላይ ይድረቅ።

አንባቢ ሊሞክረው የሚችል ነገር

ሁለት የብረት ማንኪያዎች ይዘጋጁ። አንዱ በቀዝቃዛ፣ ሌላው በሙቅ ውኃ ለጥቂት ጊዜ ተነክረው በሚገባ ከደረቁ በኋላ በሁለቱም ላይ ይተንፈስባቸው። ጉም የሚለብሰው ቀዝቃዛው ነው። ትንፋሹ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ የተለያየው በማንኪያዎቹ ሙቀት ምክንያት ነው። የፕላስቲክ ክላርኔትም እንደ እንጨቱ ውኃ የሚያንጠባጥበው በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ፕላስቲክ እርጥበት መጦ ስለማያብጥ የመሰንጠቅ ሥጋቱ የእንጨቱን ያህል አይደለም። ጤዘቱን ፈጽሞ ማስቀረት ባይቻልም መቀነስና በወቅቱ መጥረግ ግን በተጫዋቹ እጅ ነው።