የፀሐይ ጨረርና የቆዳ ማገር

ጥያቄ፦ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለብዙ ዘመን ታክሲ ስነዳ ኖሬአለሁ። የግራ ጉንጬ ከቀኙ ይልቅ የተሸበሸበው ስለ ምንድን ነው?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ ሆይ፣ ምክንያቱ በግራዎ ያለው መስኮት ሳይሆን አይቀርም። የጎኑ መስታወት ቆዳን የሚያቃጥለውን አጭሩን ጨረር ቢከለክልም፣ ዩቪኤ የተባለውን ረጅሙን በብዛት ያሳልፋልና፣ ይህ ጨረር ወደ ውስጠኛው ቆዳ ዘልቆ፣ ለገላችን እንደ ቤት ማገር የሆነውን ኮላጅን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ያነሣሣል፤ አዲስ ኮላጅን መሠራቱንም ያዳክማል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን፣ ቆዳ ተስቦ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያደርገው ኤላስቲን የተባለው ፕሮቲን መልኩ ተበላሽቶና ተወሳስቦ ይከማቻል እንጂ አይጠፋም። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት፣ 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት አረጋዊ የግራ ፊቱ እጅግ ተሸብሽቦ የሚታይበትን ሥዕል አትሞ ነበር።

በጸጋ የተሰጠን፣ ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ይህን ጥፋት ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። የሚኒሶታ ክረምትም መጠጊያ አይሆንም፤ አዲስ በረዶ ከሚያርፍበት የዩቪኤ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ያንጸባርቃል።

እንግዲህ ዩቪኤን ጭምር የሚከላከል ቅባት በየዕለቱ ይቀቡ፤ ሕጉ የሚፈቅደውንም ጨረር ከልካይ ፊልም በመስኮቱ ላይ ያስለጥፉ። በጉንጭዎ ላይ የማይድን ቁስል ወይም የሚለዋወጥ ነጥብ ቢያዩ ግን፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ።